«እመጣለሁ» ያለው ሁሉ አይመጣም

(ለዝግጅት አስተባባሪዎችና ለበጎ ፈቃደኞች ካደረግኩት ንግግር የተጻፈ። የተደጋገመውንም ሳልቆርጥ እንዳለ አስቀምጬዋለሁ።)

ጤና ይስጥልኝ! እንደምን አመሻችሁ?

ከኋላ ያላችሁ፣ ድምፄ ይደርሳል? ጥሩ። ካልተሰማችሁ እጃችሁን አውጡልኝ፤ እኔ ማውራት ከጀመርኩ ሌላው ነገር አይታየኝም።

በመጀመሪያ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ለወጉ ያህል አይደለም የምላችሁ። ሰው ሥራ ውሎ፣ ድካሙን ችሎ፣ ከቤቱ ወጥቶ አዳራሽ ውስጥ መቀመጡ ትልቅ ነገር ነው። ዛሬ የምናወራውም ስለዚሁ ነው። ሰው ለምን ይመጣል? ለምንስ ይቀራል? ማኅበራዊ ሚዲያው ደግሞ በመሃል ቤት ምን ይሠራል?

እስኪ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ለዛሬው ስብሰባ ፖስተሩን ስልካችሁ ላይ አይታችሁ ብቻ የመጣችሁ እጃችሁን አውጡ። እሺ፣ አመሰግናለሁ፣ አውርዱ። ሰው ደውሎላችሁ ወይም በስማችሁ ጽፎላችሁ የመጣችሁስ? አያችሁ? ዞር ዞር በሉና ተያዩ። ንግግሬ እዚህ ላይ ቢያልቅ ቅር አይለኝም። ግን 40 ደቂቃ ስለሰጡኝ እቀጥላለሁ።

ሦስት ነገር ይዤ መጥቻለሁ። ከዝግጅቱ በፊት፣ በዝግጅቱ ቀን፣ ከዝግጅቱ በኋላ። ከአሁኑ ልንገራችሁ፣ ጊዜዬን የምጨርሰው በመጀመሪያው ላይ ነው። እኔ ራሴ የተቃጠልኩት እዚያ ላይ ስለሆነ።

እንዴት ተቃጠልክ አትሉኝም?

ከዓመታት በፊት ከጓደኞቼ ጋር አንድ የንባብ ምሽት አዘጋጀን። የመጀመሪያችን ነበር። ፌስቡክ ላይ የዝግጅት ገጽ ከፈትን፤ ያምራል፣ ቀለሙም ደስ ይላል። «እሄዳለሁ» ያለው ሰው በየቀኑ ይጨምራል። መቶ፣ ሁለት መቶ፣ ሦስት መቶ። በመጨረሻ ከ400 አለፈ። እኛ ደግሞ ቁጥሩን እያየን እንቅልፍ አጣን። ወንበር ይበቃናል ወይ? በሩ ላይ ግፊያ ቢነሳስ? ተጨማሪ ወንበር ተከራየን። ሁለት ልጆች ሰልፍ እንዲያስይዙ መደብን። ሰልፍ!

የመጣው ሰው 37 ነበር።

37 ሰው ለ300 ሰው በተዘጋጀ አዳራሽ ውስጥ ምን እንደሚመስል አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሁሉም በየጥጉ ይቀመጣል። አንባቢው ወደየት እንደሚያይ ይጠፋዋል። ማታ ላይ ያልተነካ ወንበር ስናጥፍ አመሸን። በጣም ተናድጄ ነበር። «ሰዉ ቃል አያከብርም» እያልኩ አጠገቤ ያለውን ሁሉ አሰለቸሁ።

በር ላይ ቆማ የነበረችው ልጅ ናት ያነቃችኝ። እሷ የሚገባውን ሁሉ «ማን ነገረዎት?» እያለች ትመዘግብ ነበር። እኛ አላዘዝናትም፣ ከራሷ ነው። መዝገቡን ስናየው «ፌስቡክ» ያለው በጣት የሚቆጠር ነው። የቀረው የሰው ስም ነው። «እገሌ ጠርቶኝ»፣ «እገሊት ነግራኝ»። ከ37ቱ ሰዎች ጀርባ የነበሩት ስምንት ወይም ዘጠኝ ጠሪዎች ናቸው።

እና እኔ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስደክም የነበረው ምን ላይ ነው? ቁጥር ላይ።

ይህ የእኔ ስንፍና ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2019 አሜሪካ ውስጥ አንድ ሰው ለቀልድ ብሎ ፌስቡክ ላይ ጥሪ ከፈተ። ኔቫዳ በረሃ ውስጥ «ኤሪያ 51» የሚባል ምስጢራዊ የጦር ሰፈር አለ፤ ኑ ተሰብስበን እንግባበት የሚል ጥሪ ነው። ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው «እሄዳለሁ» አለ። ሁለት ሚሊዮን! ቀኑ ሲደርስ እዚያ አካባቢ የተገኘው ጥቂት ሺህ ሰው ነው። እስከ ሰፈሩ በር የሄደው ደግሞ ከዚያም እጅግ ያነሰ። ያቺ «እሄዳለሁ» የምትል ቁልፍ ስትነካ ዋጋ አታስከፍልም። «ሐሳቡ ደስ ይላል» ማለት ነው እንጂ «ጫማዬን ላድርግ» ማለት አይደለም። ሰዉም አልዋሸንም፤ እኛ ነን ያልጻፈውን ያነበብነው።

ታዲያ ማኅበራዊ ሚዲያ ይቅርብን? አይደለም! ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል። አለመናገር አያዋጣም። የእኔ ነገር አንድ ነው፤ ሚዲያው ላይ ሰው ሆናችሁ ተገኙ። ጥሩምባ አትሁኑ። የሚጠራ፣ በስም የሚጠራ፣ ሲጠየቅ የሚመልስ ሰው ሁኑ።

በስም መጥራት ስል ምን ማለቴ ነው? እ.ኤ.አ. በ2014 ክረምት በረዶ የገባበት ውኃ ራሳቸው ላይ የሚያፈሱ ሰዎች ቪዲዮ ታስታውሳላችሁ? ኤኤልኤስ ለሚባለው የነርቭ በሽታ ገንዘብ ለማሰባሰብ ነበር። ብዙዎቻችን ውኃውን እናስታውሳለን። ነገሩን ያስኬደው ግን ውኃው አይመስለኝም። ውኃውን ያፈሰሰው ሰው ወዲያው የሰዎች ስም ይጠራል፣ ብዙ ጊዜ ሦስት። «እገሌ፣ እገሌ፣ እገሌ፣ 24 ሰዓት አላችሁ፤ ወይ አፍስሱ ወይ ገንዘብ ስጡ»። የተጠራ ሰው እንዴት ዝም ይላል? ጓደኞቹ ሁሉ እያዩት? የአሜሪካው የኤኤልኤስ ማኅበር በዚያ ክረምት 115 ሚሊዮን ዶላር ገባለት። «እባካችሁ እርዱን» የሚል ፖስተር ለጥፈው ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ይገኝ ነበር? እኔ እጠራጠራለሁ።

ስለዚህ አሁን እኛ ምን እናደርጋለን መሰላችሁ። ዝግጅት ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው በጎ ፈቃደኞቹን እንሰበስባለን። «ሼር አድርጉልን» አንልም። ሼር አድርጉ ሲባል ሁሉም ያደርጋል፣ ማንም አያነበውም። «እያንዳንዳችሁ አምስት ሰው አስቡ» እንላለን። ስማቸውን ወረቀት ላይ ይጽፋሉ። ለእያንዳንዱ ለብቻው፣ በስሙ፣ ለምን እሱ እንደታሰበ ጠቅሰው ይጽፉለታል። «አንተ ስለ ታሪክ መጻሕፍት ታወራለህ፣ ቅዳሜ የምታወራበት ቦታ አግኝቼልሃለሁ» እንደማለት። ሃያ ልጅ አምስት አምስት ሰው ሲጠራ መቶ ነው። መቶ የተጠራ ሰው ከአራት መቶ «እሄዳለሁ» ይበልጣል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ አይደል የሚባለው?

ደግሞ አንድ ሰው ለሁሉም ልላክ ቢልም አንዳንዶቹ መተግበሪያዎች ራሳቸው አይፈቅዱለትም። ዋትስአፕ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ አንድን መልእክት በአንዴ ፎርዋርድ የምታደርጉበትን ቁጥር ወደ አምስት አውርዶታል። ብዙ የዞረ መልእክት ከሆነማ አንድ በአንድ ነው። የፌስቡክ ፔጅም ብትከፍቱ የለጠፋችሁት ለተከታዮቻችሁ ሁሉ አይታይም። እንዲያውም ለጥቂቶቹ ነው የሚታየው። «አሥር ሺህ ተከታይ አለን» ብላችሁ አትኩራሩ። አሥር ሺህ ሰው ሰምቷል ማለት አይደለም።

እሺ፣ ወደ ፖስተር ልምጣ። እዚህም ታሪክ አለኝ።

አንድ ጊዜ ዝግጅታችን አራት ቀን ሲቀረው አዳራሹ ተቀየረ። አከራዮቹ በስልክ «ይቅርታ፣ ሌላ ፕሮግራም ገብቶበታል» አሉን። አለቀ። ሌላ አዳራሽ በስንት መከራ አገኘን። እኔም ቴሌግራም ቻናላችን ላይ ገብቼ የቀድሞውን ጽሑፍ አስተካከልኩ። ፖስተሩንም ቀየርኩ። ተገላገልኩ ብዬ ተኛሁ።

በዕለቱ ሰው ወደ ድሮው አዳራሽ ሄደ። ለምን? ቻናሉ ላይ ያለው ዋናው ጽሑፍ ሲታረም ፎርዋርድ የተደረገው አብሮ አይታረምም። ፎርዋርድ የተደረገው ቅጂ ነው። የመጀመሪያው ፖስተር በየግሩፑ ተበትኗል፤ ሰው ስክሪንሹት አንስቶ አስቀምጦታል። ማን ይመልሰዋል? የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የፖስተር ወለምታም እንደዚያው ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምስል ላይ የምጽፈው የማይቀየረውን ብቻ ነው። የዝግጅቱ ስም፣ ቀኑ፣ እና አንድ አጭር ሊንክ። ሊቀየር የሚችለው ነገር፣ ማለትም አዳራሹ፣ ሰዓቱ፣ የተናጋሪዎቹ ዝርዝር፣ ሊንኩ በሚወስደው ገጽ ላይ ይቀመጣል። ያ ገጽ ሲታረም ሊንኩ በተላከበት ሁሉ ይታረማል። ፖስተሩ ስር ደግሞ «ከመምጣትዎ በፊት ሊንኩን ይክፈቱ» የሚል መስመር እጨምራለሁ። ኢንስታግራም ላይ ግን ተጠንቀቁ፤ ከምስሉ ስር የምትጽፉት ሊንክ ሲነኩት አይከፈትም። ፕሮፋይላችሁ ላይ ነው የሚቀመጠው።

ፖስተር ላይ እያለሁ አንድ ነገር ልጨምር። ፖስተሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሁሉ በጽሑፍም ድገሙት። እባካችሁ! ምስል ውስጥ የገባ ፊደል ሲፈለግ አይገኝም። ስልኩ እያነበበላቸው ለሚጠቀሙ ዓይነ ስውራን ደግሞ ፖስተራችሁ ባዶ ነው። «ምስል» ብሎ ያልፈዋል። እኛ በቀለም ስንጨነቅ እነሱ የዝግጅቱን ቀን እንኳ አያውቁም።

ሃሽታግስ፣ ያቺ ከቃል ፊት የምትገባው # ምልክት? አጭር አደርገዋለሁ። ሃሽታግን ትዊተር ላይ እንጠቀም ብሎ ሐሳቡን ያቀረበው ክሪስ ሜሲና የሚባል ሰው ነው፤ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2007። ለምሳሌ የጠቀሰውም «ባርካምፕ» የሚባል የቴክኖሎጂ ሰዎች መሰባሰቢያን ነበር። ስለዚህ ሃሽታግ ገና ሲወለድ ለዝግጅት ነው የተወለደው ማለት ይቻላል። በአማርኛ ሲሆን ግን የራሳችን ጣጣ አለብን። አንዱ «ዓውደ ርእይ» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው «አውደ ርዕይ»፣ ሌላው «ዐውደ ርእይ»። ለእኛ ሁሉም አንድ ነው። ለማሽኑ ግን ሦስት የተለያየ ሃሽታግ ነው፤ ሦስት ቦታ ተበትናችሁ ትቀራላችሁ። በቃላት መካከል ክፍተት ከተዋችሁም ሃሽታጉ እዚያው ይቆረጣል። ስለዚህ ሲጻፍ የማያከራክር አጭር ቃል ምረጡ። ሀሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ የሚገባበትን ቃል ለሰዋስው መምህራን ተዉላቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ። መልስ።

ይህን ስናገር አሁንም ያሳፍረኛል። የዛሬ ጥቂት ዓመት አንድ ዝግጅት ከሳምንት በፊት አሳወቅን። ከፖስቱ ስር ብዙ ልብ፣ ብዙ ጭብጨባ፣ ብዙ «ደስ ይላል»። እኔም እያንዳንዱን ላይክ እያየሁ ፈገግ እላለሁ። ዝግጅቱ አልፎ በሦስተኛው ቀን ኮሜንቶቹን ወደ ታች ሳነብ አንድ ጥያቄ አገኘሁ። «ለዊልቸር የሚሆን መግቢያ አለው?» ይላል። ከዝግጅቱ አምስት ቀን በፊት የተጻፈ ነው። ከሥሩ፣ በሁለተኛው ቀን፣ ያው ሰው «እባካችሁ» ብሎ ጨምሯል። ከዚያ ዝም።

መግቢያው ነበረው! መወጣጫ ነበረው፣ ሰፊ በር ነበረው። ያ ሰው ግን ይህን አላወቀም። መልስ የምንሰጥ እኛ ልብ እየቆጠርን ነበር።

ጥያቄ የጻፈ ሰው ማለት ግማሽ መንገድ የመጣ ሰው ነው። ልብ የጫነው ዝም ብሎ አልፏል። የጠየቀው ግን ሊመጣ እያሰበ ነው። «መኪና የት ይቆማል?»፣ «ልጅ ይዤ ብመጣ ይቻላል?»፣ «ስንት ሰዓት ያልቃል?»፣ «ብቻዬን ነኝ፣ የማውቀው ሰው የለም፣ ልምጣ?» ይህቺን የመጨረሻዋን ብዙ ሰው በአደባባይ አይጽፋትም፤ በኢንቦክስ ነው የምትመጣው። እነዚህን የሚመልስ አንድ ሰው መድቡ። ፖስተር የሚሠራው ሌላ፣ የሚመልሰው ሌላ ይሁን። ዕለቱ ሲቃረብ በየሁለት ሰዓቱ ይክፈት። የተደጋገሙትን ጥያቄዎች ሰብስቦ አንድ ጽሑፍ ያድርጋቸውና ከላይ ፒን ያድርግ። ከዚያ በኋላም ቢጠየቅ «ከላይ አንብብ» አይበል። ይመልስ። እኔ በበኩሌ ገንዘብና ጉልበት ቢያንሰኝ ፖስተሩን ትቼ መላሹን ነው የምይዘው።

መመለስ ስል ግን እውነቱን መመለስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ባሃማስ ደሴቶች ላይ ሊካሄድ ታስቦ የነበረውን «ፋየር ፌስቲቫል» ሰምታችሁ ይሆናል። ማስታወቂያው እንከን አልነበረውም። ታዋቂ ሞዴሎችና ብዙ ተከታይ ያላቸው ሰዎች አንድ ዓይነት ብርቱካናማ ምስል ለጠፉ። ቲኬቱ ተቸበቸበ። ሰው ደርሶ ሲያይ፣ የተባለው ቅንጡ ማረፊያ የለም፤ ለአደጋ ጊዜ የሚተከል ድንኳን ነው የጠበቀው። የቀረበው ዳቦና ቺዝ ፎቶ በዚያው በማኅበራዊ ሚዲያ ዓለምን ዞረ። ዋናው አዘጋጅ እ.ኤ.አ. በ2018 በማጭበርበር 6 ዓመት እስር ተፈረደበት። እኛ ያን ያህል አንዋሽም፣ አውቃለሁ። ግን «ታዋቂ እንግዶች ይገኛሉ» ብለን ማን እንደሚገኝ ሳናውቅ የለጠፍንበት ቀን የለም? እኔ አለኝ። እናንተም ሳታስቡት አትቀሩም።

የተገላቢጦሹም አለ። ሰው አልመጣም ብለን እናለቅሳለን፤ ሲበዛስ? እ.ኤ.አ. በ2012 ኔዘርላንድስ ውስጥ ሃረን በምትባል ትንሽ ከተማ አንዲት ልጅ ለ16ኛ ዓመት ልደቷ ፌስቡክ ላይ ጥሪ ከፈተች። ለጓደኞቿ ብቻ መሆን ሲገባው ጥሪው ለሁሉም ክፍት ሆኖ ቀረ። ብዙ ሺህ ሰው ከተማዋን አጥለቀለቃት። ነገሩ ወደ ረብሻ ተለወጠ፤ ሱቅ ተሰበረ፣ ከፖሊስ ጋር ግጭት ሆነ። በአንዲት ያልተነካች ቁልፍ! ስለዚህ ቦታችሁ 50 ሰው ብቻ የሚይዝ ከሆነ ከመለጠፋችሁ በፊት ጥሪው ለማን እንደሚታይ አረጋግጡ። ምዝገባ ክፈቱ። ሲሞላ «ሞልቷል» ብላችሁ ጻፉ።

ይህን ከመጨረሴ በፊት፣ ቻናላችሁና ፔጃችሁ በስንት ሰው እጅ ነው? በአንድ? በፍጹም። የእኛ ቻናል በአንድ ልጅ ስልክ ነበር የተከፈተው። ልጁ ስልኩ ጠፋበት፣ ከነሲሙ። ለሁለት ሳምንት የራሳችንን ቻናል እንደማንኛውም ሰው ከውጭ ሆነን አየነው። ቢያንስ ሁለት አድሚን፣ የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ (ለመግባት ሁለት ጊዜ የሚያረጋግጥ መቆለፊያ)፣ አለቀ። ደግሞ ሁሉን ነገር በአንድ ድርጅት መተግበሪያ ላይ አታስቀምጡ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 4 ቀን 2021 ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ አንድ ላይ ለስድስት ሰዓት ያህል ከዓለም ጠፉ። ሦስት ቦታ አለን ያለው ሁሉ ለካ አንድ ቦታ ብቻ ነበረው። ለዚህ ነው የተመዘገበውን ሰው ስልክ ቁጥር በራሳችሁ መዝገብ ያዙ የምለው። አጭር የጽሑፍ መልእክት ያረጀ ይመስላል፤ ጭንቅ ጊዜ የሚደርሰው ግን እሱ ነው።

ጊዜዬን በላሁት አይደል? እንዳልኳችሁ ነው።

ሁለተኛው፣ የዝግጅቱ ቀን። አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ሥራው ስልክ ይሁን። በር አይቁም፣ ወንበር አያንሳ፣ እንግዳ አይቀበል። በዚያ ቀን የሚመጣው መልእክት ሌላ ዓይነት ነው። «በሩ ላይ ነኝ፣ የትኛው ፎቅ ነው?» «መንገድ ተዘግቷል፣ በየት ልዙር?» ይህን ከአንድ ሰዓት በኋላ ብትመልሱት ሰውየው ቤቱ ገብቷል። ከመግቢያው በር እስከ አዳራሹ ያለውን መንገድ በ20 ሰከንድ ቪዲዮ ቀርጻችሁ ጠዋት ላይ ልቀቁት። እኛ ካደረግነው ሁሉ ትንሹ እሱ ነው፤ በጣም የተመሰገንነውም በእሱ ነው።

ትዊተር እንዴት ታወቀ መሰላችሁ? እ.ኤ.አ. መጋቢት 2007 ቴክሳስ ውስጥ «ሳውዝ ባይ ሳውዝዌስት» በሚባለው ትልቅ ጉባኤ ላይ ነው። መተላለፊያው ላይ ትልልቅ ስክሪን አቁመው፣ ተሰብሳቢው የሚጽፈውን እዚያው ያሳዩ ነበር። ሰው የራሱን ጽሑፍ ግድግዳ ላይ ሲያይ ደግሞ ይጽፋል። እኛም ሞክረነዋል፤ በተራ ፕሮጀክተር። አንድ ምክር ብቻ፣ ሳይታይ በቀጥታ ግድግዳ ላይ እንዲወጣ አታድርጉት። ለምን እንደሆነ አልነግራችሁም፤ ታዳሚው መካከል ሽማግሌዎች ነበሩ።

ላይቭ ማስተላለፍ ለሚፈልግ፣ ምስል ይቅር፣ ድምፅ አይቅር። ሰው የደበዘዘ ምስል ይታገሣል፣ የማይሰማ ድምፅ ግን አሥር ሰከንድ አይታገሥም። ማይኩን ከስልኩ ጋር ማገናኘት ካልቻላችሁ ስልኩን ወደ ስፒከሩ አቅርቡት። በዩቲዩብ ለመጀመሪያ ጊዜ ላይቭ የምትገቡ ከሆነ ደግሞ ፈቃዱ እስኪከፈት እስከ 24 ሰዓት ሊወስድ ይችላል። እኛ ይህን ያወቅነው በዝግጅቱ ቀን ጠዋት ነው። ፓወር ባንክ ያዙ። ውጭ አገር የሚከታተል ካለም ሰዓቱን በእነሱ አቆጣጠር ጭምር ጻፉ፤ «ማታ ላይ» የሚባል ነገር በሁሉም ቦታ አንድ አይደለም።

ገንዘብ የምታሰባስቡ ከሆነ እነዚያ ቀናት አጭበርባሪ የሚበዛባቸው ናቸው። በስማችሁ ፔጅ ከፍቶ፣ ሎጎአችሁን ለጥፎ፣ ኮሜንት ውስጥ የራሱን ሒሳብ ቁጥር ያስቀምጣል። ስለዚህ ትክክለኛውን አንድ ቦታ ብቻ፣ ፒን በተደረገው ላይ፣ አስቀምጡ። «ከዚህ ውጭ በኢንቦክስ ገንዘብ አንጠይቅም» ብላችሁም ጻፉ።

ሦስተኛው፣ ከዝግጅቱ በኋላ። ብዙዎቻችን እዚህ ላይ እንጠፋለን። ድካም ነው፣ ይገባኛል። ሰው ግን ቤቱ ገብቶ ስልኩን ከፍቶ «ምን ተባለ?» ብሎ የሚያየው በዚያው ምሽት ነው። አንድ ጥሩ ፎቶና ሁለት መስመር ምስጋና ዛሬ ማታ ይሻላል፤ ሁለት መቶ ፎቶ ከአሥር ቀን በኋላ ማን ያያል? ፎቶ ስትለጥፉ ደግሞ አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ። በተለይ የልጆች ከሆነ ወላጅን። መግቢያው ላይ «ፎቶ ይነሳል፤ የማይፈልግ ይንገረን» ብሎ መለጠፍ ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል። አውርዱልኝ ያለ ካለ ወዲያው አውርዱ፤ ለምን አትበሉ።

ከዚያም የመጡትን ጠይቋቸው። «ማን ነገረዎት?» ያቺ በር ላይ ቆማ የነበረችው ልጅ የጠየቀችውን። አሁን እሷ ናት የእኛን ገጽ የምትመራው። ዘንድሮ ባዘጋጀነው የንባብ ምሽት «እሄዳለሁ» ያለው 90 ሰው ነበር፤ የመጣው 112። ያቺን ቁልፍ ጨርሶ ያልነካ ሰውም መጥቷል። አንደኛው እንግዳ በዊልቸር የመጣ ነበር። ያኔ የጠየቀን ሰው ይሁን አይሁን አላውቅም፤ መጠየቅም አፈርኩ። በኢንቦክስ ስለ መወጣጫው ጠይቆ ነበር፤ እሷ መልሳለት፣ ፎቶውንም ልካለት ነበር።

እኔ ይህን ያህል ነው ያለኝ። አስተባባሪዎቹ ሰዓት እያሳዩኝ ነው፤ ጥያቄ እንቀበል። ከኋላ፣ መጀመሪያ እጅሽን ያወጣሽው እኅቴ፣ አንቺ ጀምሪ። ማይኩን አድርሱላት።